ሁለት ኃይል ሰጪ ያለው ፓኔል ለምን ይጠፋል?

በፋብሪካ ውስጥ መኪናዎችን የሚያዝዘው አውቶማቲክ መሣሪያ የቱንም ያህል ብልኅ ቢሆን ምግቡ ኮረንቲ ነው። ሴንሰሩ የሙቀቱን ልክ የሚናገረው፤ ቫልቩ የሚከፈተውና የሚዘጋው፤ ፒ.ኤል.ሲ. የሚባለው አዛዥ መሣሪያም በየቅጽበቱ ሁኔታውን መዝኖ ትእዛዝ የሚሰጠው፤ በፓኔሉ አንድ ጥግ ከተሰካ፣ በመጠኑ ከአንድ መጽሐፍ ብዙም ከማይበልጥ ሣጥን በሚወጣ የ24 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ይህን ሣጥን ኤሌክትሪሺያኖች ፓወር ሰፕላይ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ኃይል ሰጪ እንለዋለን። ሥራውም ከመስመር የሚመጣውን 220 ወይም 380 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተቀብሎ ወደ 24 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ መለወጥ ነው። ስለ ፒ.ኤል.ሲ. ፕሮግራም አጻጻፍ በየክፍሉ ብዙ ሰዓት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሣጥን ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ከሞተ ፕሮግራሙ ምንም ያህል ቢያምር ለአንድ ቫልቭ እንኳ አይበቃም።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት የሲሚንቶ ፋብሪካን እንመልከት። ክሊንከር የሚጋገርበት ምድጃ ከብረት የተሠራ፣ ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ፣ በዝግታ የሚሽከረከር ረጅም ቧንቧ ነው። በውስጡ ያለው ጥሬ ዕቃ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግላል። ምድጃው በዚህ ግለት ላይ ሳለ መሽከርከሩን ያቆመ እንደሆነ የላዩና የታችኛው ወገን ሙቀት ይለያይና ቧንቧው በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ዋናው ሞተር በቆመ ጊዜ ምድጃውን ቀስ እያለ የሚያዞር ሌላ ትንሽ ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜም በናፍጣ የሚሠራ፣ ከጎኑ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው። አሁን አንባቢ ያስብ፤ መስመሩ ሳይቋረጥ፣ ሞተሩም ሳይበላሽ፣ በፓኔሉ ውስጥ ያለው ያ ትንሽ ሣጥን ብቻ ቢሞት፣ የዘይት ፓምፑ፣ ቬንቲሌተሩና የነዳጁ ቫልቭ ትእዛዝ አጥተው ይቆማሉ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ሠራተኛም መለኪያዎቹ ስለሚጠፉበት ምድጃው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማየት አይችልም። የቀዘቀዘውን ምድጃ እንደገና አሙቆ ወደ ሥራ ለመመለስ ረጅም ሰዓት፣ ጡቡ ከተጎዳ ደግሞ ቀናት ያስፈልጋሉ።

ለዚህ ችግር መሐንዲሶች ያገኙት መድኃኒት በአንዱ ፈንታ ሁለት ኃይል ሰጪ ማስቀመጥ ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። አሳቡ ትክክል ነው፤ ዋጋውም ፋብሪካው በአንድ ቀን ከሚያጣው ጋር ሲመዛዘን ምንም ያህል አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሮቹ ሁሉ በአንድ ችካል ላይ ከታሰሩ ግን አንበሳው የሚነቅለው ችካሉን ነው። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ተሰክቶ ስላየን ብቻ ፓኔሉ መጠባበቂያ አለው ማለት አይቻልም። መጠባበቂያ የሚባለው እያንዳንዱ ሣጥን ብቻውን ጭነቱን በሙሉ መሸከም ሲችል፣ ሁለቱን በአንድ ምት የሚጥል የጋራ ነገር በመካከላቸው ሳይኖር ሲቀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሲሞት ሰው የሚያውቀው ሲሆን ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሁለተኛው ሣጥን የሚሰጠን የደኅንነት ስሜትን እንጂ ደኅንነትን አይደለም።

ስለ አጣማሪው ዳዮድ

ሁለት ኃይል ሰጪዎችን ለማጣመር የሚቀለው መንገድ የሁለቱን ፕላስ በአንድ፣ የሁለቱን ማይነስ በአንድ አስሮ መተው ይመስላል። በደህናው ቀን ይህ ይሠራል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ በመውጫው በኩል ሾርት የፈጠረ እንደሆነ ጤነኛው ኮረንቲውን ወደ ሥራው ከመላክ ይልቅ ወደ ሞተው ወንድሙ ሆድ ያፈስሰዋል፤ የጋራው ቮልትም ወድቆ ፓኔሉ በሙሉ ይጠፋል። እንግዲህ እንዲህ ላለው ብልሽት ሁለት ሣጥን ማስቀመጥ የመጥፋቱን ዕድል እጥፍ ማድረግ ማለት ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ኃይል ሰጪ ፕላስ ላይ አንድ ዳዮድ ይገባል። ዳዮድ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ስለሆነ ከሣጥኑ ወደ ውጭ የሚወጣውን ያሳልፋል፤ ከውጭ ወደ ሣጥኑ የሚመለሰውን ይከለክላል። ሁለቱ ዳዮዶች በአንድ ቤት ተደርገው ሪደንደንሲ ሞጁል በሚል ስም ይሸጣሉ። የሲሊኮን ዳዮድ በሚያሳልፍበት ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያህል ለራሱ ይወስዳል። በ0.6 ቮልት 20 አምፔር ቢያልፍበት 12 ዋት ሙቀት ሆኖ በፓኔሉ ውስጥ ይቀራል። በዛሬው ጊዜ ይህን ኪሳራ ለመቀነስ በዳዮዱ ቦታ ሞስፌት የሚባለውን ትራንዚስተር የሚጠቀሙ ሞጁሎች አሉ፤ ሙቀታቸው በጣም ያነሰ ነው፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

የቮልቱ ኪሳራ ራሱ ብዙ አያስፈራም። የፒ.ኤል.ሲ. ዓለም አቀፍ ደንብ አይ.ኢ.ሲ. 61131-2 ለ24 ቮልት ምግብ ወደ ታች 15 ከመቶ፣ ወደ ላይ 20 ከመቶ ይፈቅዳል፤ ይኸውም ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ማለት ነው። የሚያሠጋው ከፓኔሉ ርቆ በቀጭን ሽቦ የሚመገብ ቫልቭ ሲኖር ነው፤ የዳዮዱ ግማሽ ቮልት በሽቦው ኪሳራ ላይ ሲደመር ቫልቩ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ መለኪያውን ይዞ የሚኬደው ወደ ፓኔሉ ሳይሆን ወደ መጨረሻው ቫልቭ ነው።

በሣጥኑ ፊት ለፊት ቮልቱ የሚስተካከልበት ትንሽ ብሎን አለ። አንዱ 24.6፣ ሌላው 24.1 ቮልት ላይ ቢተው ጭነቱን በሙሉ ከሞላ ጎደል የሚሸከመው ከፍ ያለው ነው፤ ሌላው ቆሞ ያያል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቢያርፍ ምን ይጎዳል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ በሙቀት በኩል ይመጣል። በሣጥኑ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የሚባለው ክፍል ሲሆን፣ በመሐንዲሶች ዘንድ በታወቀው ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለሆነም ሁለቱን በአንድ መለኪያ፣ በእኩል ጭነት፣ ለየብቻ ለክቶ ማስተካከል ይገባል። አንዳንዶቹ ሣጥኖች ጭነት ሲበዛባቸው ቮልታቸውን ጥቂት ዝቅ የሚያደርጉበት የጥምር ሥራ ማብሪያ አላቸው፤ በዚህ ጊዜ ጭነቱ በራሱ ይከፋፈላል።

ስለ ሚያድገው ጭነት

አንድ ፓኔል ሲሠራ ጭነቱ 16 አምፔር ነበር እንበል፤ ሁለት ባለ 20 አምፔር ኃይል ሰጪ ተሰጠው። እያንዳንዱ ብቻውን ይበቃል። ፋብሪካው ከዓመት ዓመት ሲሰፋ አንድ ቀን አራት ሴንሰር፣ ሌላ ቀን ስድስት ቫልቭ ይጨመራል፤ ማንም ሰው ለስድስት ቫልቭ ብሎ አዲስ ሂሳብ አይሠራም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጭነቱ 26 አምፔር ይደርሳል። ሁለቱ ሣጥኖች 13፣ 13 አምፔር ተካፍለው በሰላም ይሠራሉ፤ አረንጓዴ መብራታቸው በርቷል፤ የሚሰማም ማስጠንቀቂያ የለም። ፓኔሉ ግን ከእንግዲህ መጠባበቂያ የለውም። አንዱ በሞተበት ቅጽበት ሌላው 26 አምፔር ይወድቅበታል። ከልኩ በላይ ለጥቂት ሴኮንድ የሚታገሡ ሣጥኖች ቢኖሩም ውሎ አድሮ ቮልታቸውን ይጥላሉ። በሁለቱ ሣጥኖች የጠፋው ፓኔል እንግዲህ አንድ ሣጥን ብቻ ነበር የተበላሸበት።

መፍትሔው ቀላል የመደመር ሂሳብ ነው። የሁለቱ ኃይል ሰጪዎች የአምፔር ድምር በማናቸውም ጊዜ ከአንዱ ልክ በታች መሆን አለበት። ቫልቮቹ ሁሉ በአንድነት በሚከፈቱበት ሰዓት ሳይለካ ቀርቶ በእረፍት ሰዓት የተለካ አምፔር ግን ያታልላል።

ያልታየ ሞት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ለማስረዳት ብቻ የተመረጠ ቁጥር እንውሰድ። አንድ ኃይል ሰጪ በአማካይ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይበላሻል፤ ብልሽቱም በማንኛውም ቀን እኩል ሊደርስ ይችላል እንበል። ፓኔሉ ያለው አንድ ሣጥን ብቻ ቢሆን፣ በ10 ዓመት ውስጥ የመጥፋቱ ዕድል ከመቶ 63 ነው። ሁለት ሣጥን አስቀምጠን አንዱ ሲሞት ማንም ባያውቅ፣ ሁለቱም በ10 ዓመት ውስጥ የሚሞቱበት ዕድል 0.63 በ0.63 ተባዝቶ ከመቶ 40 ይሆናል። እጥፍ ገንዘብ አውጥተን ከ63 ወደ 40 ብቻ ወረድን ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አንዱ ሲሞት ወዲያው ታውቆ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለወጣል እንበል። ከሁለቱ አንዱ የሚሞተው በአማካይ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ፣ በ10 ዓመትም 2 ጊዜ ነው። በዚያች አንድ ሳምንት ውስጥ የቀረው የመሞቱ ዕድል 1 በ520 ነው፤ 10 ዓመት 520 ሳምንት ነውና። ስለዚህ በ10 ዓመት ውስጥ ፓኔሉ የሚጠፋበት ዕድል 2 በ520፣ ማለትም ከሺህ 4 ያህል ይሆናል። ከመቶ 40 ወደ ከሺህ 4 መውረድ መቶ እጥፍ ነው። ይህን ያስገኘውም አንድ ሪሌይ፣ ሁለት ሽቦና ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚነሣ ሰው ነው። ሦስተኛ ሣጥን አልተገዛም።

ሪሌዩ አብዛኛውን ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ ይገኛል፤ ዲ.ሲ. ኦኬ ይባላል። ሣጥኑ ቮልት እየሰጠ ሳለ ይዘጋል፤ ሲደክም ይከፈታል። የሁለቱ ሣጥኖች ሪሌይ በተራ ተያይዞ ወደ ፒ.ኤል.ሲ. መግቢያ ሲገባ፣ አንዱ ቢሞት ወይም ሽቦው ራሱ ቢበጠስ ምልክቱ ይጠፋና ማስጠንቀቂያ ይነሣል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው ቮልቱን ከዳዮዱ ወዲህ፣ በጋራው መስመር ላይ መከታተል ነው፤ እዚያ ላይ አንዱ ሣጥን ሞቶም ሁልጊዜ 24 ቮልት ይታያል። ክትትሉ ከዳዮዱ ወዲያ፣ በየሣጥኑ መውጫ ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያው በተቆለፈ ፓኔል ውስጥ የሚበራ ቀይ አምፖል ብቻ መሆኑ ነው። በጨለማ ሣጥን ውስጥ የበራ መብራት ለማን ይበራል? ምልክቱ በመቆጣጠሪያው ክፍል መታየት፣ ከዚያም በፈረቃው መዝገብ መጻፍ አለበት።

ሁለቱን በአንድ ምት

ሂሳብ የሚወድ ጓደኛችን ከላይ ባለው ስሌት ላይ አንድ ነገር ያነሣብናል። 0.63ን በ0.63 ያባዛነው የአንዱ ሞት ከሌላው ሞት ጋር ግንኙነት የለውም ብለን ነው። ይህ እውነት ነውን? ከ20 ብልሽት አንዱ ሁለቱን ሣጥኖች በአንድ ጊዜ የሚመታ ቢሆን፣ በ10 ዓመት ውስጥ ፓኔሉ በዚሁ ምክንያት ብቻ የሚጠፋበት ዕድል ከመቶ 5 ያህል ይሆናል፤ ይህም በትጋት ካገኘነው ከሺህ 4 ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ክትትሉ ከተሟላ በኋላ የሚቀረው ጠላት የጋራው ብልሽት ነው። ለዚህ ከስዊድን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ፎርስማርክ ከስቶክሆልም በስተሰሜን በባሕር ዳር ያለ የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 25 ቀን 2006፣ በእኛ ሐምሌ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ከጣቢያው ውጭ ባለው የ400 ሺህ ቮልት ማከፋፈያ ላይ ጥገና ሲደረግ ሾርት ተፈጠረ። የመጀመሪያው ሬአክተር ከመስመሩ ተለየ፤ በዚያው ቅጽበትም በጣቢያው ውስጥ ቮልቱ ወደ 120 ከመቶ ግድም ዘለለ።

ጣቢያው ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ ነበር። መለኪያዎቹንና መቆጣጠሪያዎቹን የሚመግቡ አራት የተለያዩ ክፍሎች ነበሩት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ የራሱ ሬክቲፋየር፣ ከባትሪው ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚያወጣ የራሱ ኢንቨርተር፣ እንዲሁም የራሱ የናፍጣ ጄኔሬተር ነበረው። ለማቀዝቀዙ ሥራ ከአራቱ ሁለቱ ይበቃሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት መመኘት አይቻልም።

ቮልቱ ሲዘልል ምን ሆነ? ሬክቲፋየሩ ራሱን ለማዳን ቀድሞ መጥፋት፣ ኢንቨርተሩ ግን ታግሦ ከባትሪው እየተመገበ መቀጠል ነበረበት። የሁለቱ መጠበቂያ የተቆረጠበት የቮልት ልክ ግን በሚገባ የተራራቀ አልነበረም። ስለዚህ ከአራቱ ክፍሎች በሁለቱ ሬክቲፋየሩም ኢንቨርተሩም በአንድነት ራሳቸውን አጠፉ። ባትሪዎቹ ሙሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ከባትሪው ወደ ሥራው የሚያደርሰው በር ተዘጋ። አራቱም የናፍጣ ጄኔሬተሮች ተነሡ፤ ይሁን እንጂ የሁለቱ የፍጥነት መለኪያ የሚመገበው ከጠፉት ክፍሎች ስለነበር ፍጥነታቸው መሙላቱ ሳይታወቅ ቀረ፤ ከመስመራቸውም ጋር ሊያያዙ አልቻሉም። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ጄኔሬተር ለመሥራት መጀመሪያ ያ ክፉ ቀን የወሰደበትን ኮረንቲ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። በመቆጣጠሪያው ክፍል ከመለኪያዎቹ ከፊሎቹ ጠፉ። ሠራተኞቹ ሁለቱን ክፍሎች ወደ ኃይል የመለሱት ከ20 ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ በእጃቸው ነው።

ሬአክተሩ ቆሞ፣ የቀሩት ሁለት ክፍሎችም በትክክል የሚበቁ ሆነው በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በዓለም አቀፉ የኑክሌር ክስተቶች መለኪያ 2ኛ ደረጃ ተሰጠው። መሐንዲሶችን እንቅልፍ የነሣው ግን የዳኑት ሁለቱ ናቸው። አራቱም አንድ ዓይነት መሣሪያ ስለነበሩ ሁለቱን ያዳናቸው የንድፍ ልዩነት አልነበረም። ሁለቱን የጣለ የቮልት ዝላይ አራቱንም ለመጣል ብዙ አይቀረውም ነበር።

የጋራው ችካል በመሣሪያው ዓይነት ብቻ ሳይሆን በቦታም ሊሆን ይችላል። በጃፓን ፉኩሺማ ዳይቺ ማርች 11 ቀን 2011 (መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.) ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ የመጣው የባሕር ማዕበል ስድስቱን ሬአክተሮች ከሚጠብቁት 13 የናፍጣ ጄኔሬተሮች ኃይል መስጠቱን የቀጠለ አንድ ብቻ አስቀረ። በተለይ የሚያስተምረን ውሃ ያልደረሰባቸው ሁለት ጄኔሬተሮች ነገር ነው፤ እነርሱ ራሳቸው ደህና ሳሉ የማከፋፈያ ፓኔላቸው በምድር ቤት ስለነበር ተጥለቅልቆ ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ባትሪዎቹም በጠፉባቸው ሬአክተሮች ሠራተኞቹ ከመኪናዎች ባትሪ እየፈቱ መለኪያዎቹን ለማንበብ ተገደዱ።

ከዚህ ታላቅ ነገር ወደ ትንሿ ፓኔላችን ስንመለስ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሁለቱ ሣጥኖች በጋራ የሚጠቀሙበት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ብሬከር ነው፤ ብሬከሩ ከወደቀ ሁለቱም ይሞታሉ። ቢያንስ ለየብቻ ብሬከር፣ ከተቻለም ከተለያየ ፌዝ ወይም ከተለያየ ትራንስፎርመር መመገብ አለባቸው። ከሁሉ የሚሻለው አንዱን ከመስመሩ፣ ሌላውን ባትሪ ካለው መስመር መመገብ ነው። የመስመር መቆራረጥ በማይጠፋበት በአገራችን ይህ ቅንጦት አይደለም። የብዙዎቹ ኃይል ሰጪዎች ካፓሲተር መስመሩ ከጠፋ በኋላ የሚያቆየው 20 ሚሊሴኮንድ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ነው፤ በ50 ኸርዝ መስመር ይህ አንድ ዙር ብቻ ነው። ሁለት ሣጥን ከአንድ የሚቆራረጥ መስመር ከተመገበ ሁለቱም እኩል ያንቀላፋሉ።

የጋራ ነገር ከሣጥኖቹ በኋላም አለ። ከዳዮዱ የወጣው ጋራ መስመር ሁሉንም የሚመግብ ከሆነ፣ በፓኔሉ አጠገብ በአንዲት የሴንሰር ሽቦ ላይ የሚደርስ ሾርት የሁለቱንም ሣጥኖች አቅም ውጦ ቮልቱን ከ20.4 በታች ይጥለዋል፤ ፒ.ኤል.ሲ.ውም በአንዲት ሴንሰር ኃጢአት ይጠፋል። ለዚህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ መጠበቂያ ያስፈልገዋል። ተራው ብሬከር ግን እዚህ ያሳፍራል። ሂሳቡን እንየው፤ 50 ሜትር ርቆ ያለ ሴንሰር 0.75 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ሲመገብ መሄጃና መመለሻው 100 ሜትር ነው፤ የሽቦው ሬዚስታንስ 2.3 ኦም ያህል ይሆናል። ጫፉ ላይ ሾርት ቢፈጠር ከ24 ቮልት የሚያልፈው 10 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ባለ 6 አምፔር ብሬከር በቅጽበት ለመውደቅ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚፈልግ ቆሞ ሽቦው ሲግል ያያል። በዚህ ዓይነቱ ቦታ የሚሻለው ኮረንቲውን ራሱ እየለካ ፈጥኖ የሚቆርጥ ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ነው።

ስለ መፈተን

በፋብሪካ ቤት «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚሉ ሰዎች አይታጡም። አባባሉ ለመኪና ሊሆን ይችላል፤ ለመጠባበቂያ ግን ፈጽሞ አይሆንም። መጠባበቂያ የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሲነካ ብቻ ነው። ፈተናው ፓኔሉን ሊያጠፋው ይችላል ተብሎ የሚፈራ ከሆነ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ ለጥገና በቆመበት ቀን ቢጠፋ ይሻላል፤ ያለዚያ የሚጠፋው 1450 ዲግሪ ላይ ሳለ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ የሁለቱ ሣጥኖች አምፔር ተለክቶ ይደመራል፤ ድምሩ ከአንዱ ልክ በላይ ከሆነ ፈተናው ገና ሳይጀመር ወድቋልና ጭነቱ ይቀነስ ወይም ሣጥኖቹ ይለወጡ። ደህና ከሆነ የመጀመሪያው ሣጥን የመስመር ብሬከር ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ይታያል። በመቆጣጠሪያው ክፍል ማስጠንቀቂያው መጣ ወይ? በመጨረሻው ቫልቭ ላይ ያለው ቮልት ምን ያህል ነው? በጠፋው ሣጥን የራሱ መውጫ ላይስ ቮልቱ ወደ ዜሮ ወረደ ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ የሚዘነጋ ስለሆነ ላስረዳ። የጠፋው ሣጥን መውጫ አሁንም 24 ቮልት ካሳየ ዳዮዱ ተበላሽቶ በሁለቱም አቅጣጫ እያሳለፈ ነው ማለት ነው። ይህ ብልሽት በደህና ቀን ምንም ምልክት የለውም፤ ሪሌዩም ቢሆን ቮልት ስለሚያገኝ «ደህና ነኝ» ይላል። በዚህ ሁኔታ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻውን አስሠርቶ ሙቀቱን ማየት፣ ከዚያም የመጀመሪያውን መልሶ ማስጠንቀቂያው መጥፋቱን አረጋግጦ በሁለተኛው ላይ መድገም ነው።

ባትሪ ያለው ፓኔል ከሆነ የባትሪውን ቮልት በመለኪያ ማየት አይበቃም። ያረጀ የሊድ ባትሪ ጭነት ሳይኖርበት ሙሉ ቮልት ያሳይና ጭነት ሲያገኝ በደቂቃዎች ይተኛል። መስመሩን ቆርጦ በእውነተኛው ጭነት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መቁጠር ነው። ባትሪም እንደ ካፓሲተሩ ሙቀት ይጠላል፤ በ20 ወይም በ25 ዲግሪ የተጻፈለት ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከኃይል ሰጪዎቹ በላይ፣ የሞቀው አየር በሚወጣበት ስፍራ ማስቀመጥ አይገባም።

በአንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ ፓኔል ውስጥ በአንድ ሙቀት ያረጁ ሁለት ሣጥኖች የሚሞቱበት ጊዜም መቀራረቡ አይቀርም፤ ይህም ራሱ የጋራ ብልሽት ነው። አንዱን በጊዜው አስቀድሞ በአዲስ መለወጥና የሁለቱን ዕድሜ ማራራቅ ይቻላል። የተለወጠበትን ቀን፣ በዚያን ጊዜ የተለካውን የሁለቱን አምፔርና የፓኔሉን ሙቀት በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ቫልቭ ሊጨምር የሚመጣው ሰው ስንት አምፔር እንደተረፈለት በሩን እንደከፈተ ያነብበዋል።